ሳጥን ውስጥ የቆየ ሳንቲም እንዴት ይለያል? መጀመሪያ ዓመቱን አትመኑ

ባለፈው ክረምት ሰበታ ያለው የአያቴ ቤት ጣራ ማፍሰስ ጀመረና እቃ ስናወጣ ስናገባ ያ ከአልጋዋ ስር የማይነካው የቆርቆሮ ሳጥን ወጣ፣ ቁልፉን የት እንዳደረገችው እሷም ረስታዋለች፣ በፒንሳ ገነጠልነው። ውስጡ አንድ ጥለቱ የለቀቀ ነጠላ፣ የድሮ የግብር ደረሰኝ፣ እና በጨርቅ የተቋጠረ 11 ሳንቲም። ከዛ ቀን ጀምሮ ግቢያችን ሙዚየም ሆነ በሉት፣ ጎረቤት የሰማው ሁሉ የእናቱን የአያቱን ይዞ ይመጣል፣ አንዱ መሠረት ሲቆፍር ያገኘውን ሳይቀር አምጥቶ "እስቲ እየው" ይለኛል። እኔ ደግሞ ነገሩን ከተማርኩበት ዋጋ አንፃር ሌላው እንዳይከፍል ብዬ ልጽፈው ተነሳሁ።

የከፈልኩት ዋጋ ይሄ ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት አዲስ አበባ አንድ እቃ ሻጭ ጋ ማርያ ትሬዛ (ያቺ ጠገራ የምንላት የድሮ የብር ሳንቲም) አይቼ "1780 ይላል፣ ከ240 ዓመት በላይ ነው፣ አያምልጥህ" ሲለኝ አላመለጠኝም፣ የሁለት ወር የቤት ኪራይ የሚሆን ብር ሰጥቼ ገዛሁት። ሳንቲሙ ኦሪጅናል ነው፣ ፌክ አይደለም፣ ግን የተመታው ምናልባት አባቴ ከተወለደ በኋላ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት፦ ሳንቲም ላይ የተፃፈ ዓመት ሦስት ዓይነት ውሸት ይዋሻል፣ ሦስቱንም ሳታውቁ አትግዙ፣ በተለይ ደግሞ አትሽጡ።

አንደኛው ውሸት የቆመ ዓመት ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 ነው (በፈረንጅ)፣ ከዛ በኋላ ብሩ ሲመታ ዓመቱን ማንም አልቀየረውም፣ ምክንያቱም ቀይ ባሕር ዳርና እኛ ጋ ያለው ነጋዴና ገበሬ የለመደውን መልክ ካላየ አይቀበልም። ቪየና መታችው፣ በ1935 ሙሶሊኒ ከኦስትሪያ የመምቻውን መብት ለ25 ዓመት ወስዶ ሮም ላይ አስመታው፣ እንግሊዞች ደግሞ እኛስ ለምን እንቀራለን ብለው ለንደን ላይ መቱት፣ ፓሪስም ብራስልስም ቦምቤይም መቱት፣ ሁሉም ላይ 1780። አስቡት፣ አንዱ ሊወረን ሲል መታው ሌላው ወራሪውን ሊያስወጣ ሲል መታው፣ ሁለቱም ያቺኑ ሴትዮ ነው የተጠቀሙት።

ሁለተኛው የካላንደር ውሸት ነው፣ ይሄ ሁሌ ነው የሚያደናግረው። ፲፱፻፴፮ የሚል የጃንሆይ ሳንቲም አይቶ "የጣልያን ጊዜ ነው፣ 1936 ነዋ" የሚል ሰው በሳምንት አንድ ይመጣብኛል። የኛ 1936 በፈረንጅ 1944 አካባቢ ነው፣ ጣልያን ከወጣ በኋላ ማለት ነው። ጣልያን አዲስ አበባ የገባው በፈረንጅ 1936 ነው፣ በኛ 1928። ሁለቱን ቁጥር አንድ ጨርቅ ውስጥ አብረው ስታገኟቸው አንጎላችሁ ወዲያው ያያይዛቸዋል፣ አታያይዙ። ቀላል ደንብ፦ በግዕዝ ቁጥር የተፃፈ ከሆነ የኛ አቆጣጠር ነው፣ ሰባት ወይ ስምንት ጨምሩ። በፈረንጅ ቁጥር የተፃፈ የጣልያን ወይ የእንግሊዝ ከሆነ እንዳለ ውሰዱት።

ሦስተኛው ደግሞ የሁለቱ ድብልቅ ነው፦ ያው ፲፱፻፴፮ የሚለው ሳንቲም ራሱ ዓመቱ ሳይቀየር እስከ ጃንሆይ መጨረሻ ድረስ ተመትቷል። ስለዚህ የአክስታችሁ አንድ ጣሳ ሙሉ ባለ አምስት ሳንቲም "የ1936" ናት ብላችሁ ብዙ አትጠብቁ።

የግዕዝ ቁጥር ለማትችሉ (አታፍሩ፣ እኔም ከዲያቆን ጎረቤታችን ነው የተማርኩት) ፲ አስር ናት፣ ፻ መቶ ናት፣ ከ፻ በፊት ያለውን በመቶ አባዙት፣ ከኋላዋ ያለውን ደምሩ። ፲፰፻፹፯ ማለት 18 መቶ እና 87፣ ማለትም 1887፣ በፈረንጅ 1894/95። በቃ።

አሁን ወደ ስራው። ከሁሉም በፊት አትጠቡት! አትጠቡት፣ አትፈትጉት፣ በሎሚ፣ በአመድ፣ በጥርስ ሳሙና ምናምን አትነካኩት። አያቴ እኛ ሳንመለከት አንዱን ጠገራ በሎሚና በአመድ ፈትጋ እንደ ሰርግ ጌጥ አብርታ "አሁን እንግዳ ፊት ይቀርባል" ብላ አመጣችልኝ፣ ምን እላታለሁ፣ "ጎሽ እማዬ" አልኳት እንጂ ሰብሳቢ ዓይን ውስጥ ግን በዛ ደቂቃ ዋጋው ወደ ተራ የብር ማዕድን ዋጋ ወረደ። ጥቁረቱ የብር እድሜ ነው፣ ፍተጋው የሚተወው ጭረት ግን በጭራሽ አይወጣም። ጭቃ ካለበት በንፁህ ውሃ አስነክሩት፣ በለስላሳ ጨርቅ እየነካ እየነካ አድርጋችሁ አድርቁት፣ ሳታሹት።

መሳሪያ ብዙ አያስፈልግም። ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙት ዓይነት ትንሽዬ ዲጂታል ሚዛን ነጥብ ሁለት ቤት የምታነብ፣ ማግኔት፣ ስልክ በካሜራው ለማጉላት፣ ክር እና የውሃ ብርጭቆ። ክርና ብርጭቆ ምን ያደርጋል የምትሉ ቆዩ እመጣለሁ።

ማርያ ትሬዛ፣ እኛ ጠገራ የምንላት፣ ክብደቷ 28.07 ግራም አካባቢ ነው፣ ስፋቷ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፣ የብር ይዘቷ ከሺህ 833 ነው፣ ስለዚህ ንፁህ ብሩ 23.4 ግራም ገደማ። በእጅ ከእጅ ብዙ የዞረች ከሆነ ትንሽ ልትቀል ትችላለች፣ 27.5 ብትመጣ አትደንግጡ፣ 24 ብትመጣ ግን ደንግጡ። ፊቷን እዩ፦ ወፍራም ሴትዮ፣ ትከሻዋ ላይ የተሰካ ክብ ጌጥ አለ፣ ዙሪያው ዕንቁ አለው፣ የድሮ ነጋዴ እሱን ዕንቁ ጥርት ብሎ ካልቆጠረ አይቀበልም ነበር ይባላል፣ የተለመደችው ዘጠኝ ነው ያላት። ከምስሏ ስር ኤስ እና ኤፍ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ፣ ጉንትስቡርግ የሚባል ከተማ የነበረው የሳንቲም መምቻ ቤት የሁለት ሹማምንት ስም መነሻ ናቸው፣ ሰዎቹ ከሞቱ ስንት ዘመን ስማቸው እዛው ቀረ። ጀርባዋ ባለ ሁለት ራስ ንስር፣ ከ1780 ቀጥሎ ደግሞ እንደ ኤክስ ያለች ትንሽ መስቀል።

ሁሉም ሰው የሚረሳው ጠርዟን ነው። አጋድማችሁ ጠርዟን በጣታችሁ ዳብሷት፣ ከፍ ከፍ ያለ ጽሑፍና ጌጥ ይሰማችኋል፣ በላቲን "ፍትህና ምህረት" የሚል ነው። ጠርዝ ላይ ፊደል የሚደረገው ሌባ በመቀስ እየቀረደደ ብር እንዳይሰበስብ ነው፣ ከተቀረደደ ፊደሉ ይጎድላላ። ርካሽ ፌክ ሲሰራ ፊቷንና ጀርባዋን በደንብ ያወጡና ጠርዙ ላይ ይሰንፋሉ፣ ለስላሳ ነው ወይ ደግሞ በመሀሉ የተበየደ መስመር አለው። እኔ አሁን ሰው ጠገራ ሲሰጠኝ ፊቷን እንኳን አላይም፣ ቀጥታ ጠርዝ።

አሁን ክርና ብርጭቆው። ብርጭቆ ውስጥ ውሃ ጨምሩ፣ ሚዛን ላይ አስቀምጡት፣ ሚዛኑን ዜሮ አድርጉት። ብሩን በቀጭን ክር እሰሩና ውሃው ውስጥ አንጠልጥሉት፣ ሙሉ በሙሉ ይጥለቅ ግን ታችም ጎንም እንዳይነካ፣ እጃችሁ እንዳይንቀጠቀጥ። ሚዛኑ የሚያነበውን ፃፉ። እውነተኛ ጠገራ ከሆነች 2.75 አካባቢ ታነባለች። በደረቁ የመዘናችሁትን 28.07 ለ2.75 ስታካፍሉ 10.2 ይመጣል፣ የዛ ዓይነት ብር ጥግግት ያ ነው። ከነሐስ ወይ ከኒኬል የተሰራ ከሆነ 3.1 ምናምን ያነባል፣ እርሳስ የሞላበት ከሆነ ደግሞ ወደ 2.5 ይወርዳል። ሲያዩት አስማት ይመስላል፣ ጎረቤታችን ጋሼ መጀመሪያ ሲያዩ "ይሄ ነገር ጥንቆላ ነው" ብለው ስቀውብኝ ነበር፣ ከዛ የራሳቸውን ሦስት ጠገራ አምጥተው አስመዘኑ፣ ሁለቱ 2.74 እና 2.76፣ ሦስተኛው 3.12። ሳቁ እዛው ቆመ። ለካ ሦስተኛዋን ከ20 ዓመት በፊት ለበሬ ዋጋ ማሟያ የተቀበሏት ናት፣ በሬው እስካሁን ያናድዳቸዋል።

ጌጥ ሆና ቀለበት የተበየደባት ወይ የተበሳች ከሆነች ይሄ ቁጥር ይዛባል፣ ሰብሳቢም ብዙ አይፈልጋትም። ማግኔት ደግሞ ብር አይስብም፣ ከሳበው በቃ ሌላ ነገር ነው፣ ተሳሳታችሁ ማለት ነው። ፌክ ሁሉ በማግኔት ይሳባል ማለት ግን አይደለም፣ ነሐስም እርሳስም አይሳብም።

ቀጥሎ ምኒልክ። በ1887 የወጡት ብሮች ፓሪስ የተመቱ ናቸው፣ ምስሉን የቀረፀው ዣን ላግራንዥ የሚባል ፈረንሳዊ ነው፣ ስሙን በትናንሽ ፊደል ታገኙታላችሁ። አንድ ጎን የንጉሡ ምስል ዘውድ ጭነው፣ ሌላው ጎን አንበሳ ሰንደቅ ይዞ፣ ዙሪያውን "ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ ኀበ እግዚአብሔር"። አንበሳው የግራ እግሩን ያነሳበትም የቀኙን ያነሳበትም አለ፣ እሱን ልብ በሉ ሰብሳቢዎች ይጠይቃሉ። ሙሉው ብር ከጠገራ እኩል 28 ግራም ሆኖ ነው የተሰራው፣ ሆን ተብሎ፣ ሕዝቡ እንዲቀበለው። ሕዝቡ ግን ቶሎ አልተቀበለም፣ ትልቁን ብር ትቶ ሴትዮዋን ይፈልጋል፣ የምኒልክ ሽርፍራፊዎቹ ግን ተወደዱ ምክንያቱም ጠገራ ሽርፍራፊ የላትም፣ ከሷ በታች ያለው ዝርዝር አሞሌ ጨው ወይ ጥይት ነበር። የብሩ ግማሽ አላድ፣ ሩቡ ሩብ፣ ስምንተኛው ተሙን፣ ከዛ ግርሽ፣ ከዛ ቤሳ። ዛሬ ኪሳችን ባዶ ሲሆን "ቤሳ ቤስቲን የለኝም" የምንለው ይቺው ቤሳ ናት። በአያቴ ጨርቅ ውስጥ የወጣችው አላድ ናት፣ 14 ግራም መሆን ሲገባት 13.6 መዘነች፣ ፊቱ ስለተላጨ ምኒልክ ጺማቸው ብቻ ነው የቀረው።

ወደ ቅኝ ግዛቱ ሳንቲም ስንመጣ፣ እኛ አልተገዛንም እያልን (አልተገዛንምም) ሳጥናችን ግን የገዢዎች ሳንቲም ሞልቶታል፣ ንግድ ድንበር አያውቅማ። ኤርትራ በ1890 ቅኝ ግዛት ተብላ ስትታወጅ ጣልያን የራሷን ሳንቲም አመጣች፣ ኡምቤርቶ የሚባለው ትልቅ ሪዝ ያለው ንጉሥ ምስሉ ያለበት፣ ግማሽ ሊሬ፣ አንድ ሊሬ፣ ሁለት ሊሬ፣ እና ታላሮ የተባለው ባለ አምስት ሊሬ። መለያው ቀላል ነው፦ ዋጋው በጣልያንኛ፣ በኛው ፊደልና በአረብኛ ተፅፎበታል። ዓመቶቹ 1890፣ 1891 እና 1896 ብቻ ናቸው፣ ሌላ ዓመት ካያችሁ ተጠራጠሩ። 1896ን ያዙልኝ፣ የአድዋ ዓመት። ታላሮው ክብደቱ ከጠገራ ጋር እኩል ሊሆን ምንም አይቀረው 28.125 ግራም ነው፣ የብር ይዘቱ ግን 800፣ ከጠገራ ያነሰ። ገበያው ይሄን ነቅቶበታል፣ አልወደደውም። ጣልያን ደግሞ ተስፋ አልቆረጠም፣ በ1918 ሌላ ታላሮ መታ፣ በዚህኛው ንጉሡን ትቶ ማርያ ትሬዛን የምትመስል ሴትዮ አደረገበት፣ የብር ይዘቱንም ከፍ አደረገው፣ ሕዝቡ አሁንም "ይቺ ሴትዮ ሌላ ናት" አለ። ስለዚህ ጠገራ መስሏችሁ ዓመቱ ግን 1918 የሚል ካያችሁ ፌክ ነው ብላችሁ አትጣሉት፣ እሱ ራሱን የቻለ ነገር ነው፣ ከተራ ጠገራ ይልቅ የሚፈልገው ሰብሳቢ ይበዛል።

ሌሎች ጎረቤቶችም ሳንቲማቸው ይገባ ነበር፦ የሕንድ ሩፒ በሐረር በኩል፣ የጅቡቲ ፍራንክ ደግሞ በባቡሩ (ድሬዳዋ 1902፣ አዲስ አበባ 1917፣ በፈረንጅ)። አያቴ ጋ የለም፣ አላውቃቸውም ብዬ ልለፍ።

የጃንሆይ የመጀመሪያው ሳንቲም በዘውድ በዓላቸው ዓመት ፲፱፻፳፫ የሚለው ነው፣ ብሩ በመቶ ማቶና ተከፈለ። አንድና አምስት ማቶና መዳብ ናቸው፣ 10፣ 25 እና 50 ደግሞ ኒኬል። እዚህ ጋ ማግኔት ትጠቅማለች፣ ኒኬል ይሳባል፣ ስለዚህ የሳበው 25 ማቶና ፌክ ነው ብላችሁ አትሸበሩ፣ ልክ ነው። "ማቶና" የሚለውን ቃል ዛሬ ማንም አያውቀውም፣ አምስት ዓመት ሳይቆይ ጣልያን መጣ።

ጣልያን በአምስቱ ዓመት ለኛ ብሎ የመታው ልዩ ሳንቲም የለም፣ የራሱን ተራ ሊሬ ነው ያመጣው። ግን ከ1936 ጀምሮ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ከ"ንጉሥ" ላይ "ንጉሠ ነገሥት" ብሎ ጨመረበት፣ በኛ ምክንያት መሆኑ ነው። ሌላ ምልክት፦ ከፈረንጅ ዓመቱ አጠገብ በሮማ ቁጥር የፋሺስት ዓመት አለ፣ ከ1922 የሚቆጠር። አያቴ ጋ ያለው ሊሬ 1940 ይልና አጠገቡ የሮማ 18 አለው። ይሄ ብር አይደለም፣ የጦርነት ጊዜ ብረት ነው፣ አንዳንዱን ማግኔት ይስበዋል አንዳንዱን አይስበውም፣ ሁለቱም ኦሪጅናል ናቸው። በወረቀት በኩል ግን ልዩ አለ፣ 50፣ 100፣ 500 እና 1000 ሊሬ ላይ "ልዩ ተከታታይ፣ የጣልያን ምሥራቅ አፍሪካ" የሚል ጽሑፍ በጣልያንኛ ተደርቦበታል፣ ያ ጽሑፍ ከሌለ ተራ የጣልያን ገንዘብ ነው፣ የቴሌግራም ሻጮች ይሄን ልዩነት ወይ አያውቁትም ወይ አውቀው ዝም ይላሉ። ገበሬው ግን ወረቀቱን ብዙም አላመነም፣ ጠገራ አምጡ ነበር የሚለው።

በፈረንጅ 1941 እንግሊዝ ሲገባ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ አብሮት ገባ። አንበሳ ከኋላው ተራራ፣ በሌላው ጎን የእንግሊዝ ንጉሥ፣ ክብደቱ 7.8 ግራም፣ እስከ 1946 ያለው ሩቡ ብቻ ነው ብር። ዝርዝሩ መሀሉ ቀዳዳ ያለው መዳብ መሳይ ነው፣ ልጆች በክር አስረው አንገታቸው ላይ ያደርጉት የነበረ፣ አያቴ ጋ አንድ አለ፣ ክሩም አብሮት አለ። በ1937 በኛ አቆጣጠር አዲሱ ብር ሲታወጅ አንድ ብር በሁለት ሽልንግ ሂሳብ ነበር፣ ስለዚህ 50 ሳንቲም አንድ ሽልንግ ሆነ፣ እና እስከ ዛሬ 50 ሳንቲምን "ሽልንግ" የምንለው ለዚህ ነው። የእንግሊዝ ገንዘብ ሄደ፣ ስሙ ቀረ፣ ታክሲ ረዳት አሁንም ይጠራዋል (ሳንቲም ራሱ ዋጋ አጣ እንጂ)።

ያ ፲፱፻፴፮ የሚለው 50 ሳንቲም እውነተኛ ብር ነው፣ 7 ግራም ገደማ፣ ብሩን አሜሪካ በጦርነቱ ጊዜ በብድር የሰጠችው ነው፣ ፊላዴልፊያ ተመታ። ሰው እንደ ተራ ሳንቲም በጣሳ ያስቀምጠዋል፣ ፈትሹ። 25 ሳንቲሙ ግን መዳብ ነው፣ መጀመሪያ ክብ ሆኖ ወጣና ከ50ው ጋር በስፋት ስለሚምታታ ተሰብስቦ ጠርዙ እንደ አበባ የተቆራረጠው መጣ። ክቡን ካገኛችሁ ለብቻው አስቀምጡት።

ስለ ዋጋ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው፣ ቁጥር አልናገርም በየቀኑ ይቀያየራል። ዝቅተኛውን ግን ራሳችሁ አስሉ፦ የብር ዋጋ በዓለም ገበያ የሚጠራው በአውንስ ነው፣ አንድ አውንስ 31.1 ግራም፣ የጠገራ ንፁህ ብር 23.4 ነው፣ ስለዚህ የአንድ አውንስ ሦስት አራተኛ። ከዛ በታች የሚሰጣችሁ ሰው "ቀልጦ የሚሄድ ብር ነው የምገዛው" ቢላችሁም አትስሙት፣ ከዛ በጣም በላይ የሚጠይቃችሁ ደግሞ "1780" ብሎ ሊጀምር ነው።

አንድ ነገር፣ መሠረት ሲቆፈር የወጣ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። በቅርስ አዋጁ (209/1992) መሠረት በቁፋሮ የተገኘ ቅርስ ማሳወቅ ግዴታ ነው፣ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣትም አይቻልም። በተለይ ትንንሽ የወርቅ ወይ የነሐስ ከወጣ የአክሱም ሊሆን ይችላል፣ እነ ንጉሥ ኢንዱቢስ በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው የራሳቸውን ሳንቲም የመቱት፣ እሱን በውሃ እንኳን አትንኩ፣ ከነአፈሩ ጠቅልላችሁ ወረዳ ውሰዱት። ያ መሠረት ቆፋሪው ጎረቤቴ ያመጣው ግን የ1969 ባለ አስር ሳንቲም ነበር፣ ሦስት ቀን እንቅልፍ አጥቶበታል።

ማስቀመጫውን ችላ አትበሉ፣ የሚሸት ለስላሳ ፕላስቲክ አረንጓዴ ያወጣበታል፣ ደረቅ ወረቀት ፖስታ ይሻላል፣ እያንዳንዱ ለብቻው፣ ላዩ ላይ ክብደቱን ፃፉ። እኔም የአያቴን 11 በ11 ፖስታ አድርጌ፣ ክብደቱንም ዓመቱንም በሁለቱም አቆጣጠር ፅፌ ሳስረክባት አንድ በአንድ አውጥታ መልሳ በዛው ጨርቅ ቋጠረቻቸው። ፖስታዎቹን ለግብር ደረሰኙ ማስቀመጫ አደረገቻቸው።